በሐረር አንደኛው ሞተር

ሐረር ውስጥ አሮጌ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ሚስቱን ያማክራል፣ ቀጥሎ ሐጂ ቡሽራን። ሐጂ ቡሽራን ብትጠይቋቸው የሚስትየዋ ምክር ቢቀርም ግድ የለም ይሏችኋል።

ሐጂ ቡሽራ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች ሰፈር ጨርቅ ሲሸጡ ኖረው፣ ሱቁን ለወንድማቸው ልጅ ትተው ጡረታ የወጡ ነጋዴ ናቸው። ከሞተር ጋር ያላቸው ዝምድና በጆሮ ብቻ ነው። ይህ ግን በሞተር ጉዳይ የመጨረሻውን ቃል ከመስጠት አግዷቸው አያውቅም። የሚመረመረው መኪና ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ይቆማል። ሐጂ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው ይጠጋሉ። ሞተሩ ይነሳል። ጆሯቸውን ኮፈኖው ላይ ጣል አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በዙሪያቸው ያለው ሰው፣ ባለ ባጃጁ ሳይቀር፣ ዝም እንዲል ይጠበቃል። ከዚያ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ይመጣና ኮፈኖው ላይ ይቀመጣል። ውሃው ካልፈሰሰ፣ «ማሻአላህ!» ውሃው ከፈሰሰና ሻጩ ወዳጃቸው ከሆነ ደግሞ መሬቱ ዘንበል ብሏል። በመጨረሻ ከማርሚታው የሚወጣውን ጭስ በመዳፋቸው ዘገን አድርገው ያሸታሉ፣ ቀና ይላሉ፣ ፍርድ ይሰጣሉ።

«ይሄ ጥሩ ሞተር ነው» ይላሉ። «የኔን ግን አያክልም።»

የሳቸው ሞተር ማለት ከሳቸው ጋር ያረጀችው ሰማያዊ ፔጆ ውስጥ ያለው ነው። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ፣ ጫት እየተቃመ፣ ስለሱ ያልተነገረ ነገር የለም። አንደኛ የሚባል ሞተር፣ እንደ ሐጂ አነጋገር፣ በግማሽ ቁልፍ የሚነሳ፣ ዳገት ላይ ማርሽ የማይለምን፣ ዘይት የማይበላ፣ ሲቆጡት የማይሞቅ ነው። በዚህ መስፈርት በርጫው ላይ ከተቀመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ይወድቁ ነበር፤ ሆኖም ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። የቅርብ ወዳጃቸው ኢብራሂም ደግሞ ምርቃናው ሲመጣ ያንን የታወቀ ታሪክ እንዲደግሙለት ይጠይቃቸዋል፤ ሐጂ መካ ሄደው ሲመለሱ ፔጆዋን አስነስተው ሲያዳምጡ፣ ሞተሩ ባረፈባቸው ሳምንታት ወጣት ሆኖ እንደጠበቃቸው።

«ሞተር እንደ ሰው ነው» ይላሉ ሐጂ። «እረፍት ሲያገኝ ይታደሳል።»

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ክብር ላይ ሳሉ ነው ልጃቸው ሰልማ መኪና የገዛችው።

ሰልማ የፋርማሲ ባለሙያ ናት፤ ከአሮጌው ከተማ ግንብ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ትኖራለች፣ ሥራዋ ድሬዳዋ ነው። በየቀኑ ሚኒባስ ውስጥ ከሰውና ከዶሮ ጋር ተጣብቃ መመላለሱ ሰልችቷታል። አንድ ቅዳሜ ነጭ፣ አዲስ፣ ክብ ክብ ያለች መኪና እየነዳች ፈረስ መጋላ ደርሳ አባቷ ከወዳጆቻቸው ጋር ከተቀመጡበት ፊት ለፊት አቆመች። መምጣቷን ማንም አልሰማም። ኢብራሂም እግሩን የሰበሰበው ጎማው ጫማው አጠገብ ሲደርስ ነው።

ሐጂ ቡሽራ በደስታ ተነሡ። ልጃቸው መኪና ገዝታለች፤ ሳትጠይቃቸው መግዛቷ ቅር ቢያሰኛቸውም፣ ቢያንስ ለምርመራ አምጥታላቸዋለች። ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

«አስነሺው» አሉ።

«ተነሥቷል፣ አባ።»

«አይ ልጄ፣ ቁልፉን አዙሪና አስነሺው።»

«ቁልፍ የለውም። ተነሥቷል አልኩህ እኮ።»

ሐጂ ጆሯቸውን ኮፈኖው ላይ አስጠጉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። የባጃጅ ክላክስ ሰሙ፤ የልብስ ሰፊዎቹን መኪና ሰሙ፤ ጥቂት ቆይተው የገዛ ጆሯቸውን ጩኸት ሰሙ።

«ምን ይላል?» አለ ኢብራሂም።

«ዝም በል፣ እየሰማሁ ነው።»

ውሃ የሞላው ብርጭቆ መጣ። ውሃው ንቅንቅ አላለም፤ ብርጭቆው ሸርተት እንኳ አላለም። ከተመልካቹ አንዱ «ማሻአላህ» ሊል አፉን ሲከፍት ሐጂ በዓይናቸው አስቆሙት። ወደ ኋላ ዞሩና ማርሚታውን ፈለጉ። ጎንበስ አሉ። የለም። በሌላኛው ጎን ዞረው ጎንበስ አሉ። እዚያም የለም።

«ኮፈኖውን ክፈቺው።»

ሰልማ ከፈተችው። ውስጡ ንጹሕ፣ ባዶ ሣጥን ነበር፤ በሣጥኑ ውስጥ ሸዋ በር ገበያ የገዛችው አንድ ዘንቢል ድንችና ጃንጥላዋ ተቀምጠዋል። ሌላ ነገር የለም።

ኢብራሂም አንገቱን አስግጎ አየ። «ድንች ነው እንዴ የሚበላው?» አለ።

አደባባዩ በሳቅ ተናጋ። ሐጂ ቡሽራ በሕይወታቸው ብዙ ሞተር አይተዋል፤ ያረጀ፣ የጨሰ፣ ዘይት የሚያለቅስ። የሌለ ሞተር ሲያዩ ግን የመጀመሪያቸው ነበር።

«ልጄ፣ አታለውሻል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሞተሩን አውጥተው ቆርቆሮውን ነው የሸጡልሽ።»

«የኤሌክትሪክ መኪና ናት አባ። አሁን እኮ አዲስ የነዳጅ መኪና ማስገባት አይቻልም። ሞተሯ ከታች፣ ከኋላ ጎማ ጋር ነው። ትንሽ ነው፤ ሐብሐብ ያህላል።»

«ሐብሐብ!»

«ዘይት አይቀየርለትም። ካንዴላ የለውም። ራዲያተሩ አይፈላም። ማርሽም የለውም።»

ሐጂ ቡሽራ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ታዲያ ሰው ምኑን ያወራለታል?» አሉ።

የዚያን ዕለት ምሳ ላይ ባለቤታቸው ዋፊቃ ካቀረበችው ምንም አልቀመሱም። ዋፊቃ ባሏ ሲያኮርፍ ምግቡን መልሳ የምታነሳ፣ ምክንያቱን የማትጠይቅ ሴት ናት። ሐጂ ግን ሳይጠየቁ ተናገሩ።

«አገር ሁሉ እኔን ይጠይቃል። የገዛ ልጄ ሳትጠይቀኝ!»

«ብትጠይቅህ ምን ትላት ነበር?»

«አትግዢ።»

«ለዚህ ነው ያልጠየቀችህ» አለች ዋፊቃ፣ ሳህኑንም አነሳች።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን የሰዒድ ሴት ልጅ ሠርግ ደረሰ። ሰዒድ የዋፊቃ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከሐረር ወጣ ብላ ባለችው ሶፊ ውስጥ ጫት ያመርታል፣ ሠርጉም እዚያው ነው። ሐጂ ቡሽራ በርጫ ላይ አንድ ነገር አወጁ፤ እሳቸው በፔጆ፣ ልጃቸው በዚያች ነጭ ፍሪጅ፣ ከሸዋ በር ተነሥተው ሶፊ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ ይታያል። ሰልማ ስለ ውድድሩ የሰማችው ከሰው ነው። «እኔ የምሄደው ለሠርግ ነው» ብላ ተወችው።

ታላቁ ውድድር በማደያ ሰልፍ ተጀመረ። በዋዜማው ሐጂ ቡሽራ ፔጆዋን ይዘው ተሰለፉ። ከፊታቸው ሚኒባስ፣ ከሚኒባሱ ፊት ባጃጅ፣ ከባጃጁ ፊት ሌላ ባጃጅ፤ የሰልፉ ጫፍ የት እንዳለ የሚያውቀው አላህ ነው። ሰዓቱ ነጎደ። ተራው ሊደርሳቸው ሲል «አልቋል» የሚል ካርቶን ተሰቀለ። የዓለም አንደኛው ሞተር ያለ ቤንዚን እንደ ማንኛውም ብረት መሆኑን ሐጂ ቡሽራ አልካዱም፤ ብቻ ጉዳዩ የሞተሩ ሳይሆን የመንግሥት ነው አሉ። በማግስቱ ጠዋት ሸዋ በር አካባቢ ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ ሰው አገኙ። ቤንዚኑ ቀለሙ ሻይ ይመስል ነበር።

«ይሄ ደህና ነው?» አለ ለሠርጉ ነጭ በነጭ ለብሶ የመጣው ኢብራሂም።

«ጥሩ ሞተር የሰጡትን ያጣጥማል» አሉ ሐጂ፣ ሃይላንዱን እየደፉ።

ዋፊቃ ከልጇ ጋር ልትሄድ ወሰነች። «ለወንድሜ ልጅ ሠርግ ቤንዚን ሸትቼ አልሄድም» ብላ ነጯ መኪና ውስጥ ገባች። ሐጂ ቡሽራ ይህንንም ዋጡት።

ፔጆዋ ቀድማ ወጣች፤ እያገሳች፣ እያጨሰች፣ በመንገዱ ዳር ያለውን ሁሉ ሰላም እያለች። ሐጂ መሪውን በአንድ እጅ ይዘው፣ በሌላው ዳሽቦርዱን እያሻሹ፣ «ሰማኸው? ሰማኸው?» ይላሉ። ኢብራሂም ከመስማት ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ከከተማው ወጥተው የማሽላውን ማሳ አልፈው ዳገቱ ግርጌ ሲደርሱ፣ ሐጂ በመስታወቱ ውስጥ አንድ ነጭ ነገር አዩ። ድምፅ የለውም። እየቀረበ ነው። በጎናቸው ሲደርስ ዋፊቃ በመስኮት እጇን አውለበለበችላቸው። ሰልማ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ አለፈች፤ ለጉራ እንኳ ክላክስ አላደረገችም። ያ ነው ያበሳጫቸው።

ሐጂ ቡሽራ ነዳጅ ረገጡ። ሞተሩ አንዴ አገሳ፣ አንዴ ሳለ፣ ከዚያ በማርሚታው በኩል ጥይት የሚመስል ነገር ተኮሰና ጸጥ አለ። ፔጆዋ ዳገቱ ወገብ ላይ ቆመች፣ ጥቂትም ወደ ኋላ መሄድ አሰበች።

«ግፋ!» አሉ ሐጂ።

ኢብራሂም ነጭ ልብሱን አየ። ወዳጅነታቸውን አሰበ። ወረደና ገፋ። ፔጆዋ አልተነሣችም፤ የኢብራሂም ደረት ላይ ግን የኋላ ኮፈኖዋ ቅርጽ በጥቁር ታተመ።

ሰልማ መቆማቸውን አይታ ተመልሳ መጣች። «ምን ሆነ አባ?»

«ምንም። እያረፈ ነው።»

ሰልማ ስልኳን አወጣችና ኒቆዲሞስ ጋ ደወለች። ኒቆዲሞስ ከግንቡ ውጭ ጋራዥ ያለው፣ ከአያት ከቅድመ አያት የሐረር ተወላጅ የሆነ መካኒክ ነው፤ ፔጆዋን ከወጣትነቱ ጀምሮ ያክማታል። እሁድ ቀን ለሥራ በመጠራቱ ፊቱን አጥቁሮ፣ ዕቃውን በባጃጅ ጭኖ መጣ። ከካርቡራተሩ ጥቂት ጠብታ መዳፉ ላይ አድርጎ አሸተተ።

«ይሄ ቤንዚን አይደለም፣ ሐጂ። ጋዝና ሻይ ነው።»

«ሌላ ሞተር ቢሆን ፈንድቶ ነበር» አሉ ሐጂ ቡሽራ፣ ለሰልማም እንዲሰማት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ይሄ ግን እዚህ ድረስ አመጣን። ለምን? የፔጆ ሞተር ስለሆነ!»

ኒቆዲሞስ ካቻቢቴውን በጥርሱ ይዞ ካንዴላ እየፈታ ነበር። ሐሳቡ ሥራው ላይ ነው። «የሚኒባስ ሞተር ዱሮም ቻይ ነው» አለ።

በማሳው ውስጥ ነፋስ አለፈ።

«የምን?» አሉ ሐጂ።

ኒቆዲሞስ ካቻቢቴውን ከአፉ አወጣ። ዋፊቃን አየ። ዋፊቃ ተራራውን አየች። ኢብራሂም ሁለቱንም አየ።

«የምን ሞተር ነው ያልከው?»

«ሐጂ...» አለ ኒቆዲሞስ፣ «እኔ እኮ መካኒክ ነኝ፤ አድርግ የተባልኩትን ነው የማደርገው።»

ዋፊቃ ተንፍሳ ወደ ባሏ ዞረች። «መካ በሄድክ ጊዜ» አለች፣ ስለ ሽንኩርት እንደምታወራ ሁሉ፣ «ሰዒድ መኪናዋን ለመንገድ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። ጂግጂጋ ሲሄድ ሞተሩ ነከሰ፣ ደርቆ ቆመ። ዘይት አልነበረውም። ኒቆዲሞስ የተጋጨ ሚኒባስ ነበረው፤ የእሱን አውጥቶ ገጠመልን።»

«ዘይት ያልነበረው እንዴት ነው?»

«ዘይት አይበላም ትል ስለነበር ማንም አልጨመረለትም።»

ሐጂ ቡሽራ ኮፈኖውን ተደገፉ። «እኔ... እኔ እኮ በየቀኑ ከፍቼ አየዋለሁ።»

«ከላይ ያለውን ክብ የአየር ማጣሪያ ነው የሚያዩት» አለ ኒቆዲሞስ በትሕትና። «እሱን የድሮውን መለስኩበት። እንዳይከፋዎት ብዬ።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ልንነግርህ ነበር» አለች ዋፊቃ። «ወላሂ፣ እንዴት እንደምነግርህ ሳምንቱን ሙሉ ስለማመድ ነበር። አንተ ግን ሻንጣህን እንኳ ሳታስገባ ጆሮህን ለጠፍክበትና ሊጠይቅህ ለመጣው ሰው ሁሉ ‹ስሙት፣ ሲያርፍ ወጣት ሆነ!› አልክ። ከዚያ በኋላ ማን አፍ አለው?»

መጀመሪያ ከኢብራሂም አፍንጫ አንድ ድምፅ ወጣ። ሊያፍነው ሞከረ። ከዚያ መንገዱ ዳር ቁጭ አለና ሆዱን ይዞ ተንከተከተ፤ ነጭ ልብሱ ከዚህ በላይ ሊቆሽሽ ስለማይችል አፈሩ ላይ ተንጋለለ። ሐጂ ቡሽራ አልሰሙትም። በዚያ ቅጽበት በራሳቸው ውስጥ መኪና በመኪና እያለፈ ነበር፤ ጆሯቸውን ያስጠጉበት ሁሉ፣ «የኔን አያክልም» ያሉት ሁሉ። ስንት ጨዋ ሞተር ነው ከአንድ የተጋጨ ሚኒባስ በታች ያደረጉት! ከመሐላቸው ስንቱ ራሱ ሚኒባስ ነበር!

«የኔስ?» አሉ በመጨረሻ። «የኔው ሞተር የት ሄደ?»

«አለ። ጋራዡ ጥግ ተቀምጧል። የጋራዡ ልጆች ምሳ ይበሉበታል» አለ ኒቆዲሞስ።

ሐጂ ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ። ሰልማ ውሃ ሰጠቻቸው፣ ጠጡ። ከዚያ አንዳች ነገር ለማዳን ይሆን፣ ኒቆዲሞስን በትካዜ ጠየቁት፤ «እስቲ አንተ ንገረኝ። አንደኛ ሞተር ማለት የትኛው ነው?»

«ለኔ?» ኒቆዲሞስ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ቶሎ ቶሎ የሚበላሽ፣ መለዋወጫው ሸዋ በር የሚገኝ። ልጆቼን ያስተማረልኝ እሱ ነው።» ወደ ነጯ መኪና በጥላቻ ዓይን ተመለከተ። «ይሄ ነገር አንደኛ ከሆነ እኔ ምን ልበላ ነው?»

«አንቺስ?» አሉ ሐጂ፣ ወደ ልጃቸው ሳይዞሩ።

«እኔ ጠዋት ሥራዬ ካደረሰኝ በቂዬ ነው አባ። ላወራለትም አልፈልግም።»

ይህ ከሁሉ የከፋው መልስ ነበር።

ፔጆዋን ኒቆዲሞስ ዘንድ ትተው በነጯ መኪና ተሳፈሩ። ሐጂ ከፊት ተቀመጡ፤ ከኋላ ዋፊቃ ከኢብራሂም ጥቁር ደረት ልብሷን እያሸሸች። በመንገድ ላይ ማንም አልተናገረም፤ መኪናዋም ዝም አለች፤ ሰው ዝም ሲል በጩኸቱ ክፍተቱን የሚሞላ ሞተር እንደሌለ ሐጂ ልብ አሉ። ሌላ ጊዜ ሶፊ ሲገቡ የፔጆዋ ድምፅ ከሩቅ ይቀድማቸውና ሕፃናት ይሮጡ፣ ሴቶች እልል ይሉ ነበር። አሁን ግን ግቢው በር ላይ ቆሙ፣ ወረዱ፣ ገቡ፤ ቀና ብሎ ያያቸው ሰው አልነበረም። አንዲት ፍየል ብቻ ገለል አለችላቸው።

ሰዒድ ዘግይቶ አያቸውና እጁን ዘርግቶ መጣ። «ሐጂ! አሰላሙ አለይኩም! ፔጆዋስ? ድምፅዋን ስጠብቅ ነበር እኮ።»

ሐጂ ቡሽራ በመንገዱ ሙሉ ለዚህ ሰው የሚሆን ንግግር አዘጋጅተው ነበር፤ ሦስት ጊዜ አሻሽለውታል። ነገር ግን ከሰዒድ ጀርባ ሙሽራይቱ፣ እጇ በሒና ያጌጠች፣ አጎንብሳ ሰላም ልትላቸው ቆማለች። ንግግሩን ተዉት።

«ታማለች» አሉ። «አንተ መቼም ታውቃታለህ። ዘይት ትወዳለች።»

የሰዒድ ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። እህቱን አየ። ዋፊቃ ሻርፗን አስተካከለች። «አላህ ያሽራት» አለ ሰዒድ ቀስ ብሎ፣ ላብ እያጠመቀው።

ሐጂ ቡሽራ በየትኛውም ሠርግ እንደዚያ ቀን በልተው አያውቁም። ሰዒድ የሙሽራይቱን አማቾች ትቶ እሳቸው ዘንድ ተተከለ። ምርጡን ሥጋ ይዞ መጣ፤ ሐጂ ተቀበሉት። ሩዙን ጨመረ፤ ተቀበሉት። ምርጡን የጫት እስር አምጥቶ ጭናቸው ላይ አኖረ፤ ተቀበሉት። ይቅርታ የጠየቀ የለም፣ ይቅር ያለም የለም፤ ሁለቱም ግን በየሳህኑ መካከል ጉዳዩ እየቀለለ መሄዱን ያውቁ ነበር።

ከአሥር ሰዓት በኋላ ሰልማ መኪናዋን ሶፊ ቻርጅ ልታደርግ ፈልጋ መብራት የለም ተባለች። ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ሐጂ ቡሽራ ይህን ሲሰሙ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈካ። «ሱብሐነላህ!» አሉ፤ ሐዘን ለማስመሰል ቢሞክሩም አልሆነላቸውም። «ሃይላንድ የሚሸጥለት የለም?»

ሰልማ ማቀዝቀዣውን አጥፍታ፣ በቀስታ እየነዳች፣ በቁልቁለቱ ባትሪው ጥቂት እየሞላ፣ ዳገቱ ላይ ኢብራሂምን አስወርዳ በእግሩ እንዲከተል አድርጋ፣ ሐረር አደረሰቻቸው። ኢብራሂም የቀኑን ሁለተኛ ዳገት በሁለተኛ ሞተር ምክንያት ከጨረሰ በኋላ፣ ከእንግዲህ በባጃጅ ብቻ እንደሚሄድ በወላሂ ማለ።

በሳምንቱ ሐጂ ቡሽራ ብቻቸውን ኒቆዲሞስ ጋራዥ ሄዱ። ፔጆዋ ተጠግና በር ላይ ቆማለች፤ አላዩዋትም። በቀጥታ ወደ ጥጉ ሄዱ። ሞተሩ እዚያ ነበር፤ ዝገት በልቶት፣ ላዩ ላይ የሻይ ኩባያና ግማሽ ዳቦ ተቀምጦበት። ዳቦውን አነሡት። ኩባያውን አነሡት።

«ክፈትልኝ» አሉ።

«ምን ያደርግልዎታል ሐጂ? ነክሷል እኮ። ከዚህ ወዲያ ብረት ነው።»

«ውስጡን አይቼው አላውቅም።»

ኒቆዲሞስ ሥራ ነበረበት። ጉማጅ እንጨት አምጥቶ አስቀመጣቸው፣ ቁልፍ ሰጣቸው፣ የትኛውን ብሎን እንደሚጀምሩ በጣቱ አሳያቸውና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሐጂ ቡሽራ ነጭ እጅጌያቸውን ጠቀለሉ። ቁልፉን ብሎኑ ላይ አሳረፉና በሙሉ ኃይላቸው ተጫኑት። አልነቃነቅ አለ። እንደገና ተጫኑት። ቁልፉ ሸርተት ብሎ የአውራ ጣታቸውን ቆዳ ላጠባቸው። ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ጠቡት፤ የሞተር ዘይት ጣዕም እንደዚያ መራራ መሆኑን እስከዚያች ቀን አያውቁም ነበር።

«ወደ ግራ ነው ሐጂ» አለ ኒቆዲሞስ ከመኪና ሥር ሆኖ።

«አውቃለሁ!» አሉና ወደ ቀኝ ጠመዘዙት።